ሳፔራቪ፦ እስከ ሥጋው የቀላው የጆርጂያ ወይን

አንድ ጥቁር የወይን ፍሬ ከዘለላው በጥሰን በሁለት ጣቶቻችን ብንጨምቀው፣ ልጣጩ የቱንም ያህል ቢጠቁር፣ የሚወጣው ጭማቂ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የመሰለ ነው። የፍሬው ሥጋ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ብቻ ነው። ቀይ የወይን ጠጅ ቀይ የሚሆነውም ጭማቂው ከልጣጩ ጋር ለቀናት አብሮ እየፈላ ቀለሙን ቀስ በቀስ ስለሚወስድ ነው። ፈረንሳዮች ፒኖ ኗር ከተባለው ጥቁር ወይን ነጭ ሻምፓኝ ሊሠሩ የቻሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፍሬውን ሳይቆዩ ጨምቀው ጭማቂውን ከልጣጩ ይለዩታል። ሳፔራቪ በዚህ መንገድ አይሄድም። ፍሬው ሲጨመቅ ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሮ ጣትን የሚያቀላ ጭማቂ ይሰጣል፤ ሥጋው ራሱ ቀይ ነውና። ነጭ ጨርቅ ላይ ቢንጠባጠብ እድፉን ለማስለቀቅ ብዙ ማሸት ይጠይቃል።

እንዲህ ሥጋቸው ድረስ የቀሉ የወይን ዝርያዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። ከእነርሱም መካከል አብዛኞቹ በታሪካቸው ለብቻቸው እንዲጠጡ ሳይሆን የሌላውን ፈዛዛ ወይን ጠጅ ለማድመቅ የሚደባለቁ ነበሩ። የሳፔራቪ ስምም የሚነግረን ይህንኑ አገልግሎት ነው። በጆርጂያ ቋንቋ «ፔሪ» ማለት ቀለም ሲሆን «ሳፔራቪ» ደግሞ «ማቅለሚያ» እንደማለት ነው። ጆርጂያውያን እኛ ቀይ የምንለውን የወይን ጠጅ በልማዳቸው ጥቁር ይሉታል፤ በብርጭቆ የተቀዳ ሳፔራቪን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየ ሰው ስያሜው ማጋነን እንዳልሆነ ይረዳል። በአማርኛም ቢሆን ቀለምና መጠጥ በአንድ ስም ተገናኝተዋል፤ ጨርቁ ምን ዓይነት ነው ስንባል «ወይን ጠጅ ነው» እንላለንና።

እዚህ ላይ የማነሣት ጆርጂያ የአሜሪካዋ ክፍለ ግዛት ሳትሆን፣ በካውካሰስ ተራሮች ሥር፣ በጥቁር ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኘው አገር ናት። የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ሳካርትቬሎ ይሏታል።

ስለ ሳፔራቪ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በቀለሙ ይጀምሩና እዚያው ይቆማሉ። እኔ ግን ሳፔራቪን ታላቅ ያደረገው ከቀለሙ ይልቅ ጎምዛዛነቱ፣ ማለትም በውስጡ ያለው የአሲድ ብዛት ነው ብዬ አምናለሁ። ቀለሙን ለማድነቅ ዐይን ይበቃል፤ ጎምዛዛነቱን ለመረዳት ግን ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል።

የወይን ፍሬ እየበሰለ ሲሄድ በውስጡ ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ። ስኳሩ ይጨምራል፤ አሲዱ ይቀንሳል። ስኳሩ በኋላ በእርሾ አማካይነት ወደ አልኮል የሚለወጠው ነው፤ አሲዱ ደግሞ መጠጡን ሕያው የሚያደርገው፣ ምራቅ የሚያመጣው፣ ከጣፋጭነትና ከአልኮል ክብደት ጋር የሚመዛዘነው ክፍል ነው። በሞቃት አገር የሚበቅሉ ብዙ ዝርያዎች ስኳራቸው በበቃ ጊዜ አሲዳቸው አልቆ ይገኛል፤ ከእነርሱ የሚሠራው መጠጥ አፍ ውስጥ ይከብዳል፣ ያሰለቻል፣ ቶሎም ያረጃል። ሳፔራቪ ግን ዘግይቶ የሚበስልና ስኳሩ በጣም ከፍ ባለበት ጊዜ እንኳ አሲዱን የማይለቅ ዝርያ ነው። ገበሬው ዘለላውን እስከ ጥቅምት ድረስ ተክሉ ላይ ትቶት ፍሬው ማር ማር እስኪል ቢጣፍጥ እንኳ ከጣፋጩ ሥር የሚነክሰው ጎምዛዛ ጣዕም አይጠፋም።

ቀለሙ ራሱ ከዚህ አሲድ ጋር የተያያዘ ነው። ለወይን ቅላት የሚሰጠው ንጥረ ነገር አንቶሲያኒን ይባላል፤ በካርካዴ ውስጥም ያለው ይኸው የቀለም ቤተሰብ ነው። ካርካዴ አፍልቶ በሁለት ብርጭቆ የሚቀዳ ሰው በአንዱ ሎሚ ቢጨምቅበት ቅላቱ ፈክቶ ሲደምቅ፣ በሌላው ጥቂት የዳቦ ሶዳ ቢጨምርበት ደግሞ ቅላቱ ጠፍቶ ወደ ሰማያዊነትና ወደ ጥቁር አረንጓዴነት ሲለወጥ በዐይኑ ያያል። ቀለሙ ያው ነው፤ የተለወጠው አሲዱ ነው። ስለዚህ የሳፔራቪ ሥጋና ልጣጭ የቀለም ጎተራ ቢሆኑም፣ ያ ቀለም ደማቅ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገው በውስጡ የተጠራቀመው አሲድ ነው። በዚያ ላይ አሲድ የበዛበት መጠጥ መጠጡን ለሚያበላሹ ባክቴሪያዎች አይመችም፤ ይህ ጠባዩ ማቀዝቀዣና ኬሚካል ባልነበረበት ዘመን ለወይን ጠጅ ምን ያህል ታላቅ ጥበቃ እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው የሳፔራቪ ጠባይ ታኒን ነው። ታኒን ከልጣጩ፣ ከፍሬው ዘርና ከዘለላው ዘንግ የሚመጣ፣ ለረጅም ጊዜ የተዘፈዘፈ የሻይ ቅጠል በምላስና በድድ ላይ የሚተወውን ዓይነት ድርቀት የሚሰጥ ንጥረ ነገር ነው። አዲስ የተጠመቀ ሳፔራቪ በዚህ ረገድ ጭካኔ አለው ማለት ይቻላል፤ ጎምዛዛነቱና ድርቀቱ በአንድ ላይ ሲመጡ ያልለመደ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ታኒኑና የቀለም ንጥረ ነገሮቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ድርቀቱ ይለሰልሳል፤ ቀለሙም ከሐምራዊ ጥቁርነት ወደ ሸክላማ ቅላት ያዘነብላል። አሲዱ ምሰሶ ሆኖ ስለሚያቆመው በደንብ የተሠራ ሳፔራቪ አሥርና ሃያ ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይቆያል። በጣዕሙ ጥቁር እንጆሪን፣ ቼሪንና ፕሪምን ያስታውሳል፤ ሲቆይ ደግሞ የቁንዶ በርበሬ፣ የትምባሆ ቅጠልና የጥቁር ቸኮሌት መዓዛ ይጨመርበታል።

የሳፔራቪ ዋነኛ መኖሪያ በምሥራቅ ጆርጂያ የሚገኘው የካኼቲ ክልል ነው። በዚያ የአላዛኒ ወንዝ ሸለቆ በሰሜን ከታላቁ ካውካሰስ፣ በደቡብ ከጎምቦሪ ሰንሰለት ተራሮች መካከል ተዘርግቶ ይገኛል። ቀን ፀሐዩ ይበረታል፤ ማታ ከበረዷማው ተራራ የሚወርደው ቅዝቃዜ ፍሬውን ያሳርፈዋል። የቀኑ ሙቀት ስኳሩን ሲያበዛ የሌሊቱ ቅዝቃዜ አሲዱን ይጠብቃል፤ ዝርያው በተፈጥሮው ያለውን ጠባይ አየሩ ያግዘዋል ማለት ነው።

ከዚሁ ሸለቆ፣ ከዚሁ አንድ ፍሬ፣ እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ መጠጦች ይወጣሉ። ከወንዙ በስተደቡብ በኩል ያለው ሙኩዛኒ ስኳር የሌለበት፣ በኦክ በርሜል ውስጥ የሚቆይ፣ ጠንካራ መጠጥ በመስጠት ይታወቃል። በሰሜኑ በኩል፣ በካውካሰስ ግርጌ በክቫሬሊ አካባቢ የሚሠራው ኪንዝማራውሊ ደግሞ ከፊል ጣፋጭ ነው። ጣፋጭነቱ ስኳር ተጨምሮበት አይደለም፤ እርሾው የፍሬውን ስኳር በልቶ ሳይጨርስ ፍላቱ በቅዝቃዜ እንዲቆም ስለሚደረግ ነው። ቀድሞ ይህን የሚያደርገው የክረምቱ ብርድ ራሱ ነበር፤ ዛሬ ማቀዝቀዣ ማሽን ይሠራዋል። ከፊል ጣፋጭ ቀይ ወይንን የሚንቁ የወይን ጠጅ አዋቂዎች ብዙ ናቸው፤ በሌሎች ዝርያዎች ላይ ሲሆን ንቀታቸው ምክንያት አለው፤ ጎምዛዛነት የሌለው ጣፋጭ መጠጥ ከሽሮፕ አይለይምና። ኪንዝማራውሊን በዚያው ዐይን ማየት ግን ስሕተት ነው፤ ስኳሩን የሚሸከም በቂ አሲድ አለው፤ እንደ ጥሩ ጠጅ ጣፋጩ ቀድሞ ጎምዛዛው ተከትሎ ይመጣል።

የሳፔራቪን ቅርስነት ለመረዳት ግን ወደ ጓዳ መግባት ያስፈልጋል። ጆርጂያውያን የወይን ጠጅ የሚጠምቁበት ዕቃ ክቬቭሪ ይባላል። ጠላ በጋን ሲጠመቅ እያየ ያደገ ሰው ነገሩን ከማንም ፈጥኖ ይረዳዋል። ክቬቭሪ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ ሸክላ ሠሪው ጭቃውን እየጠቀለለ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከፍ እያደረገ፣ ለሳምንታት በእጁ ያቆመዋል። ከእኛ ጋን የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቅርጹ ነው፤ እንደ ዕንቁላል ሆዱ ሰፍቶ ታቹ ይሾላል። ሁለተኛው ቦታው ነው፤ ቤት ውስጥ አይቆምም፤ እስከ አንገቱ ድረስ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ከላይ የሚታየው አፉ ብቻ ነው። መጠኑ ከጥቂት ሊትር ከሚይዘው ትንሽ ጀምሮ ሰው በመሰላል ወርዶ እስከሚያጥበው፣ ሺህ ሊትርና ከዚያ በላይ እስከሚይዘው ድረስ ነው። ከእሳት ወጥቶ ሙቀቱ ሳይለቀው ውስጡ በንብ ሰም ይቀባል፤ ሰሙ በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ ሰርጎ መጠጡ እንዳያንጠባጥብ ይረዳል።

የአገራችን እናቶች ጋኑን በግራዋ አሽተው፣ በወይራ አጥነው እንደሚያዘጋጁት ሁሉ፣ የካኼቲ ሰውም ክቬቭሪውን ከቼሪ ዛፍ ልጣጭ በተሠራ መፈግፈጊያ አሽቶ፣ አጥቦ፣ ድኝ አጢሶ ያጸዳዋል። ይህ ሥራ ቀላል ተደርጎ እንዳይታይ፤ በጆርጂያ ጎበዝ ጠማቂ የሚለየው በክቬቭሪ ንጽሕናው ነው። ከዚያ የተረገጠው ወይን ከነልጣጩና ከነዘሩ ይገባበታል። እርሾ አይጨመርበትም፤ በፍሬው ልጣጭ ላይና በጓዳው ውስጥ ያለው የተፈጥሮ እርሾ ፍላቱን ይጀምረዋል። በሚፈላበት ጊዜ ልጣጩ ወደ ላይ ተንሳፎ እንደ ክዳን ይደርቃልና ጠማቂው በቀን ብዙ ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር እየተነሣ፣ በረጅም እንጨት ወደ ታች ይደፍቀዋል። ፍላቱ ሲያልቅ የጋኑ አፍ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል።

የቅርጹ ጥበብ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ፍላቱ ካበቃ በኋላ ዘሩ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ሾለው ታች ይወርዳል፤ ከላዩ አምቡላው ይጋገርበታል። መራራ ነገር ሊለቅ የሚችለው ዘር እንዲህ ተቀብሮ ከመጠጡ ጋር ያለው ንክኪ ይቀንሳል። በዙሪያው ያለው አፈር ደግሞ በጋና ክረምት ሳይል ሙቀቱን በአንድ ደረጃ ይይዘዋል። ካኼቲዎች ነጩን ወይን እንኳ ከነልጣጩ ለአምስትና ለስድስት ወር ክቬቭሪ ውስጥ ስለሚተዉት መጠጣቸው የማር መልክ ይይዛል። ሳፔራቪን ግን ብዙዎቹ ፍላቱ ሲያልቅ ወይም ጥቂት ቆይተው ከልጣጩ ይለዩታል። ጭማቂው ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ የቀላ ስለሆነ ለቀለም ተብሎ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ያለልክ የቆየ እንደሆነ ታኒኑ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይሸፍነዋል። የሳፔራቪ ጠማቂ ትልቁ ችሎታ መቼ መተው እንዳለበት ማወቁ ነው። ይህ የክቬቭሪ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ምን ያህል ጥንታዊ ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ የመጣው ከዋና ከተማዋ ከትብሊሲ በስተደቡብ ከሚገኙ ሁለት የጉብታ መንደሮች ነው። ጋዳችሪሊ ጎራና ሹላቬሪስ ጎራ በተባሉት በእነዚህ ቦታዎች የተገኙ የሸክላ ስባሪዎች ተመርምረው፣ የወይን መለያ የሆነው ታርታሪክ አሲድ በውስጣቸው ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ይህ ጥናት ዕድሜያቸውን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ6000 እስከ 5800 ባለው ጊዜ አድርጎታል፤ ማለትም 8000 ዓመት ገደማ። አንድ ነገር ግን መለየት ይገባል፤ ገበያ ላይ «የ8000 ዓመቱ ሳፔራቪ» ሲባል ይሰማልና። የሸክላ ስባሪው የሚመሰክረው በዚያ ምድር ወይን መጠመቁን እንጂ የተጠመቀው ዝርያ የትኛው እንደሆነ አይደለም። ጆርጂያ ከ500 በላይ የአገር በቀል ወይን ዝርያዎች ያሏት አገር ስለሆነች ክብሩ የአንዱ ብቻ ሊሆን አይችልም። ሆኖም ከጥንት የቀረው አሲድ ከሺህ ዓመታት በኋላ ምስክር መሆኑ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።

ወይን በጆርጂያ ከእምነት የሚለይ ነገር አይደለም። አገሪቱ እንደ አክሱም ሁሉ ክርስትናን የተቀበለችው በአራተኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ወንጌልን የሰበከችላቸው ቅድስት ኒኖ የያዘችው መስቀልም ከወይን ሐረግ ተሠርቶ በራሷ ጸጉር የታሰረ እንደነበር በትውፊታቸው ይነገራል። የሁለቱ ክንዶቹ ጫፎች ዘንበል ያሉ ስለሆኑ ያንን መስቀል ያየ ሁሉ ይለየዋል። ቤተ ሰቡ ለቤተ ክርስቲያን ቁርባን የሚሆነውን መጠጥ ከሌላው ለይቶ በራሱ ክቬቭሪ የሚያስቀምጥበት ልማድም ነበር፤ ይህ የተለየ ወይን ዜዳሼ ይባላል፤ ያለጊዜው ከእርሱ ቀድቶ መጠጣት ነውር ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዘቢብ ተዘፍዝፎ ለቁርባን የሚሆነው በጥንቃቄ እንደሚዘጋጅ የሚያውቅ ምእመን የዜዳሼን ክብር ሌላ ሰው ሳያስረዳው ይገባዋል። በካኼቲ የሚገኘው፣ ካቴድራሉ የ11ኛው ክፍለ ዘመን የሆነው የአላቬርዲ ገዳም መነኮሳትም ዛሬ ድረስ በጓዳቸው ክቬቭሪ ቀብረው ወይን ይጠምቃሉ፤ ሳፔራቪም አንዱ ነው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ይህ ሁሉ ለጥፋት ተቃርቦ ነበር። የሶቪየት መንግሥት የሚፈልገው ብዛትን ስለነበር የእርሻ መሬቱ ብዙ ምርት በሚሰጡ ጥቂት ዝርያዎች ተሸፈነ፤ በካኼቲ ነጩ ርካጺቴሊና ጥቁሩ ሳፔራቪ ተመራጭ ሲሆኑ ሌሎች ብዙ ዝርያዎች ወደ ቤተ ሰብ ጓሮ ተገፉ። ሳፔራቪ በዚህ መንገድ ተረፈ፤ የተረፈበት መንገድ ግን አላከበረውም፤ በግዙፍ ፋብሪካ የሚመረት ጣፋጭ መጠጥ ሆኖ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1985 የሶቪየት መሪ ጎርባቾቭ ባወጁት የፀረ አልኮል ዘመቻ ደግሞ በኅብረቱ ውስጥ ብዙ የወይን እርሻዎች ተነቀሉ። ከነጻነት በኋላም ምርቱ በአብዛኛው በሩሲያ ገበያ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሩሲያ የጥራት ጉድለት አለበት በሚል የጆርጂያን ወይን ስታግድ፣ ጆርጂያ ምክንያቱ ፖለቲካ እንደሆነ ብትናገርም፣ ያ ገበያ በአንድ ጊዜ ተዘጋ።

እገዳው እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ቆየ። ጉዳቱ ከባድ ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ግን ጠማቂው ምርጫ አልነበረውምና ለማያውቀው ደንበኛ፣ ለአውሮፓውም ለእስያውም፣ ራሱን ማስረዳት ነበረበት። በየመንደሩ የነበሩ አነስተኛ ጠማቂዎች የአያቶቻቸውን ክቬቭሪ እንደገና አጽድተው፣ ስማቸውን በጠርሙስ ላይ ማስፈር ጀመሩ። ዛሬ በውጭ አገር ሱቆች የምናየው ስኳር የሌለበት፣ ከባድና ጥርት ያለ ሳፔራቪ በአብዛኛው የዚያ የችግር ጊዜ ልጅ ነው።

ተክሉም ከአገሩ ርቆ ሄዷል። ብርድ የመቻል ጠባይ ስላለው በዩክሬን፣ በሞልዶቫና በደቡብ ሩሲያ ይበቅላል፤ በአውስትራሊያም ተተክሏል። በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት፣ ፊንገር ሌክስ በተባለው ሐይቃማና ብርዳማ አካባቢ፣ በኦዴሳ የተወለዱት የወይን ሊቅ ኮንስታንቲን ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1962 ባቋቋሙት እርሻ ላይ ከተከሏቸው የምሥራቅ ዝርያዎች አንዱ ይኸው ሳፔራቪ ነበር። በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን ጆርጂያ ድረስ ሳይሄዱ ሊያዩት ይችላሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛው ሰው ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሊያስተውል ይገባል። ኪንዝማራውሊ የሚል ከሆነ ጣፋጭነት አለው፤ ሙኩዛኒ የሚል ከሆነ የለውም፤ ሳፔራቪ ብቻ ከተባለ ስኳር ያለው መሆን አለመሆኑ ተጨማሪ ማንበብ ይጠይቃል፤ ክቬቭሪ የሚል ቃል ካለበት ደግሞ የተጠመቀው በተቀበረው ጋን ነው። ገና አዲስ የሆነውን ከመቅረቡ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ከፍቶ አየር እንዲያገኝ ማድረግ ድርቀቱን ያለዝበዋል። ለብቻው ከሚቀርብ ይልቅ ስብ ካለው ሥጋ ጋር ይሻላል፤ ጆርጂያውያን በደረቀ የወይን ጭራሮ ፍም ላይ ከሚጠብሱት ሥጋ ጋር ነው የሚጠጡት፤ ጎምዛዛነቱ ስቡን ከአፍ ላይ ጠርጎ ለሚቀጥለው ጉርሻ ያዘጋጃል። ነጭ የገበታ ልብስ ካለ ግን አስቀድሞ ማንሣት ነው።